ሁለት መቶ አሥራ አራት ራስ አበባ

እኅተማርያም ለሕክምና አዲስ አበባ የሄደች ቀን፣ መኪናው ሊነቃነቅ ሲል መስኮቱን ከፍታ የተናገረችኝ ስለ በሽታዋ አልነበረም። ስለ ቤቱም፣ ስለ ላሟም አልነበረም። "በየነ፣ ራሶቹን አትርፍልኝ" አለች። "ቅጠላቸው እስከ ግማሽ ቢጫ ሲሆን አውጣቸው። ሌላው ሁሉ ቢቀር ይቅር፤ እነሱን ብቻ አትርፍልኝ።" ሚስቴ ናት። ሠላሳ አራት ዓመት አብረን ስንኖር እንዲህ ለምናኝ አታውቅም።

ራሶቹ የምትላቸው የአበባዋን ነው። የተማሩት ግላዲዮለስ ይሉታል፤ ጎባ ውስጥ፣ እኛ ሰፈር፣ ስሙ "የእኅተማርያም አበባ" ነው። ቅጠሉ እንደ ጎራዴ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ አበባው ዘንጉ ላይ ከታች ጀምሮ ተራ በተራ እየፈነዳ ወደ ላይ ይወጣል። ቢጫ ነው፣ ጉሮሮው ላይ በርበሬ የነካው የሚመስል ቀይ አለበት። ከመሬት በታች ያለው ጠፍጠፍ ያለ ሽንኩርት ስለሚመስል ራስ እንለዋለን። የዛሬ ሃያ ስድስት ዓመት አጋርፋ ለሦስት ወር ሥልጠና ሄዳ ሳለ አንድ አትክልተኛ ሰባት ራስ ሰጣት፤ በእኔ ካልሲ ጠቅልላ አመጣቻቸው። ካልሲው የእኔ መሆኑን የማነሣው ከነገሩ ድርሻ እንዲኖረኝ ብዬ ነው፤ ሌላ ድርሻ የለኝም።

ከእሷ በቀር ይህ አበባ ያለው ሰው በከተማው የለም። ንፉግ ሆና አይደለም፤ ያልሰጠችው ጎረቤት የለም። የወሰዱት ሁሉ ይተክሉታል፣ አንድ ክረምት ያደንቁታል፣ ከዚያ መሬት ውስጥ ይረሱታል። እኛ አገር መሬት ውስጥ የተረሳ ራስ አይተርፍም፤ የታኅሣሥ ውርጭ ያልጨረሰውን የበልጉ ዝናብ ያበሰብሰዋል። ስለዚህ እሷ በየዓመቱ ኅዳር ላይ ትቆፍራቸዋለች፣ አድርቃ ታሳርፋቸዋለች፣ ግንቦት ሲያልቅ መልሳ ትተክላቸዋለች። መስከረም ላይ ሲያብቡ ለቤተ ክርስቲያንም ለጎረቤት ሠርግም እቅፍ እቅፍ ታድላለች። እኔ በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ያየሁት ይሄን መጨረሻውን ብቻ ነው። ቁፋሮው ሲሆን ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ከሥራ ከወጣሁ ወዲህም ዞር ብዬ አላየሁትም።

ሥራዬ ዘር ነበር። ሮቤ ውስጥ የምርጥ ዘር መጋዘን ኃላፊ ሆኜ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ከገሰራ፣ ከአጋርፋ፣ ከየገጠሩ የሚመጣው የስንዴ ዘር በእጄ ያልፋል፤ በዚያ ሁሉ ዓመት አንዲት ኩንታል ለነቀዝ አልሰጠሁም። ይህን የምለው ልኩራራ ብዬ አይደለም። እሺ፣ ልኩራራ ብዬ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ሌላ የምኮራበት አላገኘሁም።

እሷ ከሄደች በኋላ እግሬ አላርፍ አለ። ቁርሴን ቆሜ እበላለሁ። ከቤት እስከ አስፋልቱ፣ ከአስፋልቱ እስከ ገበያው፣ ከገበያው ተመልሼ ቤት። ገብቼ ሳልቀመጥ እንደገና እወጣለሁ። ጡቷ ላይ እብጠት ተገኝቶ፣ ተመርምሮ፣ ስሙ ታውቆ ነው የሄደችው። ልጃችን ሶሲ አዲስ አበባ ስለምትሠራ ያረፈችው እሷ ቤት ነው። "በየሦስት ሳምንቱ ስምንት ጊዜ መድኃኒት ይሰጧታል" አለችኝ ሶሲ በስልክ።

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ይታያል፣ አባዬ።"

ማን ነው የሚያየው? መቼ ነው የሚያየው? መጋዘን ቤት ውስጥ ይታያል የሚባል ነገር የለም። ዘር ወይ ይበቅላል፣ ወይ አይበቅልም፤ መቶ ፍሬ ቆጥረህ እርጥብ ጨርቅ ላይ ታደርጋለህ፣ በሳምንትህ ታውቃለህ። ይህንኑ ለሶሲ ብነግራት "አባዬ፣ እማዬ ስንዴ አይደለችም" ብላ ስልኩን ዘጋችው። ልክ ነበረች። ግን እኔ የማውቀው ስንዴ ነው።

ስለዚህ እጄ ላይ የቀረው ነገር ራሶቹ ብቻ ነበሩ። ማለዳ ማለዳ እየሄድኩ ቅጠሉን አያለሁ። ቢጫው ከጫፉ ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል፣ ግን ይንቀረፈፋል። እስከ ግማሽ ነበር ያለችኝ። ሩብ ላይ ሲደርስ ትዕግሥቴ አለቀ። ስትደውል "አወጣኋቸው" ልላት ፈልጌ ነበር፤ ከዚህ ሁሉ ካልታወቀ ነገር መካከል አንዱን ጨርሼዋለሁ ብዬ ልነግራት። ዶማውን አንሥቼ ገባሁበት። የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል የሚባለው ለእንደኔ ዓይነቱ ነው።

ሲወጡ ማየት ደስ ይላል። በየግንዱ ሥር አዲስ ራስ አለ፤ ከአዲሱ ሥር ደግሞ አምና የተተከለው አሮጌው ተጨማድዶና ጠቁሮ ተለጥፏል፣ ያለውን ሁሉ ለላይኛው ሰጥቶ። በሁለቱ መካከል እንደ ሽምብራ፣ አንዳንዱም እንደ ምስር የደቀቁ ፍሬዎች ተጣብቀዋል። እኔ ያየሁት በመጋዘን ዓይኔ ነው፤ ዋናው ዘር አለ፣ ግርዱ አለ። አሮጌውን ገነጠልኩ፣ ደቃቁን አራግፌ በወንፊት ለየሁ፣ ዋናውን ቆጠርኩ። ሁለት መቶ አሥራ አራት። ግርዱን በሳፋ ሰብስቤ አጥሩ ሥር ደፋሁት።

ከአጥሩ ወዲያ ሰሚራ አለች። ሽንኩርት ነጋዴ ናት፤ ወላጆቿ ከስልጤ መጥተው ጎባ የቀሩ፣ እሷ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ከእኅተማርያም ጋር ደግሞ ከእኅት የማያንሱ። ራሶቹን ሸራ ላይ ዘርግቼ ስታይ በአጥሩ ላይ አንገቷን ብቅ አደረገች።

"አከም ኦልተኒ፣ እንዴት ዋሉ ጋሼ። ፀሐይ ላይ ነው እንዴ የሚያሰጧቸው? እትዬ ጥላ ላይ ነበር የምታደርጋቸው።"

"ጥላ ላይ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ፀሐይ ላይ ሦስት ቀን።"

"ምን አስቸኮለዎት?"

ሸራውን ወደ ፀሐዩ ሳብኩት። በሦስተኛው ቀን ሁለት ሦስቱን አንሥቼ በመዳፌ መካከል አሸኋቸው። የስንዴን መድረቅ የምናውቀው እንዲህ ነው፤ የደረቀ ይንኮሻኮሻል። ራሶቹም ተንኮሻኮሹ። የተንኮሻኮሸው የላይ ልባሳቸው እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው።

እኅተማርያም የምታስቀምጣቸው በቅርጫት ነበር። አመድ ነስነስ አድርጋ፣ ጓዳው መስኮት አጠገብ ከጣሪያው ላይ ታንጠለጥላቸዋለች፤ መስኮቱም ቀን ቀን ይከፈታል። ይህንን ሳይ ሁልጊዜ ይገርመኝ ነበር። ዘር በቅርጫት! እኔ ያለኝን ምርጥ ነገር አወጣሁ። አየር የማያስገባ ድርብ ከረጢት ነው፤ ላዩ ማዳበሪያ፣ ውስጡ ሁለት ወፍራም ላስቲክ። ዘሩን ትከትበታለህ፣ አየሩን ጨምቀህ ታስወጣለህ፣ አፉን አንድ በአንድ ጠምዝዘህ ጥርቅም አድርገህ ታስረዋለህ። ነቀዝ ካለ ታፍኖ ይሞታል። ለዚህ ከረጢት ስንት ገበሬ አሳምኜበታለሁ፤ ገሰራ ድረስ እየሄድኩ ቆሜ አስተምሬበታለሁ።

ሰሚራ በሩ ላይ ቆማ ስታየኝ ነበር። "ጋሼ፣ ራስ ይተነፍሳል፣ ወላሂ። እኔ ሽንኩርቴን እንዲህ ባሽገው በወሩ ገበያ ይዤ የምወጣው ወጥ ነው።"

"አንቺ ሽንኩርት ትሸጫለሽ። እኔ ዘር ሳስቀምጥ ነው የኖርኩት።"

"እሺ፣ እርስዎ ያውቃሉ" አለችና ሄደች። እንዲህ ስትል እንደማላውቅ እየነገረችኝ መሆኑን አላጣሁትም። ቢሆንም አፉን አሰርኩ። ወረቀት ቆርጬ "ዓይነት፦ አበባ። ብዛት፦ 214። የታሸገበት ቀን፦ ኅዳር 19" ብዬ ጽፌ ለጠፍኩበት፤ ወለሉ እንዳያረጥበው ጣውላ ላይ፣ ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቄ አቆምኩት። ከአንድ ወር ወዲህ ያን ቀን ብቻ ነው ደስ ብሎኝ የዋልኩት።

ስትደውል ድምፅዋ ደክሞ ነበር። መድኃኒቱን ለሁለተኛ ጊዜ የወሰደችበት ሳምንት ነው።

"ቅርጫቱን መስኮቱ ጋ ሰቀልከው?"

"ከቅርጫት በተሻለ ነገር ነው ያስቀመጥኳቸው።"

"በየነ፣ ነፋስ ይንካቸው እሺ?"

"ነፋስ የነካውን ዘር ነቀዝ ይነካዋል።"

"ዘር እኮ አይደሉም። እነሱ ..." አለችና ማስመለስ መጣባት። ሶሲ ስልኩን ተቀብላ "አባዬ፣ በኋላ" አለችኝ። በኋላ ስትደውል ስለ ሌላ ነገር አወራን፤ እኔም አላነሣሁባት።

የታሸገ ከረጢት አንድ ሕግ አለው፤ ጊዜው ሳይደርስ አይከፈትም። አንዴ ከተከፈተ አየር ይገባና ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ይህን ሕግ ለገበሬ ስናገር ቀላል ነበር። አሁን ግን የቤቴ ጓዳ ውስጥ፣ ሊተኛ የማይችል ሰው አጠገብ የተቀመጠ ከረጢት ነው። በጥር ውስጥ በቀን አሥር ጊዜ እየገባሁ ዞር ዞር እልበታለሁ። እጄን አስቀምጥበታለሁ፣ እንደ ድሮዬ፤ የሞቀ ዘር እጅህን አስቀምጠህበት ታውቀዋለህ። ጆሮዬን አስጠጋበታለሁ፣ ምን እንደምሰማ እንጃ። ከዚያ ወጥቼ እስከ አስፋልቱ እሄዳለሁ። አንድ ቀን ሳላስበው እግሬ ወደ ሮቤ መንገድ ይዞኝ ሄዶ ከከተማው ወጥቼ ኖሮ፣ ባለ ባጃጅ "ፋዘር፣ በሰላም ነው?" ብሎ መለሰኝ።

በየካቲት መጨረሻ ከረጢቱን ገፋ ሳደርገው ውስጡ ያለው ላስቲክ በላብ ተለጥፎ ተሰማኝ። ከረጢት ሲያልበው ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው ባሌ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ስንት መጋዘን ጠባቂ በዚህ ገሥጬአለሁ። የሚደረገውም አንድ ነገር ነው፤ ወዲያው ከፍተህ ታሰጣለህ። እኔ ግን በሩን ዘግቼ ወጣሁ። ከፈትኩት ማለት አየሁት ማለት ነው። ካየሁት ደግሞ የሆነው ሆኗል። የዚያን ሳምንት ሶሲ እናቷን ለምርመራ ወስዳት ውጤት እየጠበቁ ነበር፤ እኔ በአንድ ጊዜ ሁለት ውጤት የምሸከምበት ትከሻ አልነበረኝም። እውነቱ ይሄ ነው። ፈራሁ።

"ራሶቹስ?" ትለኛለች ስትደውል።

"ተኝተዋል።"

"ጎበዝ። እንዲህ ነው የሚወዱት።"

ከፋሲካ በኋላ ሶሲ ደወለች። መድኃኒቱ አልቋል፤ ሐኪሙ ወደ ቤቷ መመለስ ትችላለች ብሏል፤ የሚቀጥለው ቀጠሮ ከስድስት ወር በኋላ ነው፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይዣት እመጣለሁ አለች። "ድናለች ማለት ነው?" አልኳት። "አሁን ጥሩ ናት ማለት ነው" አለች። ስልኩን ዘግቼ ቀጥ ብዬ ጓዳ ገባሁና ከረጢቱን ፈታሁት።

ሽታው ነው መጀመሪያ ያገኘኝ። የበሰበሰ ድንች የሚያውቅ ያውቀዋል። እጄን ስሰድ እስከ አንጓዬ ሰመጠ። ልባሳቸው አለ፣ ውስጡ ውኃ ሆኗል። አንድ አንድ እያልኩ አወጣኋቸው፣ ሁለት መቶ አሥራ አራቱንም። አሥራ አንዱ ጠንከር ያሉ መስለውኝ ነበር፤ ታጥበው፣ ደርቀው፣ በራሷ ቅርጫት ተሰቅለው በአምስተኛው ቀን እነሱም ሄዱ። መጨረሻውን ስጥል የላም በረቱ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ነቀዝ ያላስገባሁ ሰው፣ የሚስቴን አንዲት ነገር በገዛ እጄ አፍኜ ገደልኩ።

በስልክ ልነግራት አልቻልኩም። "እንዴት ናቸው?" ስትለኝ "ደህና ናቸው፤ አንቺን ይጠብቃሉ" አልኳት። ከዚህ በፊት ያልኳት ቢያንስ ያላየሁትን ነበር። ይሄኛው ግን ጥርት ያለ ውሸት ነው፤ ካልኩት በኋላ ከቤት ወጥቼ ለረጅም ሰዓት አልተመለስኩም።

አጋርፋ በአውቶቡስ ሄድኩ። ያ አትክልተኛ ከሞተ ቆይቷል፤ አሁን ያለው ወጣት ደግሞ ስሙን እንኳ ሰምቶት አያውቅም። ሮቤ ችግኝ የሚሸጡትን ሁሉ ዞርኩ። ሮዝ አለ፣ ዳሊያ አለ። "ሂንጂሩ ጋሼ" ይሉኛል፣ የለም ማለታቸው ነው። አልሞት ባይ ተጋዳይ ሆኜ በመጨረሻ ያደረግሁትን ለመናገር አሁንም አፍራለሁ። ሰሚራ ሱቅ ሄጄ ጠፍጠፍ ያሉ፣ ትንንሽ፣ ልባሳቸው ወፈር ያለ ሽንኩርቶች መምረጥ ጀመርኩ። እሷ ሥራዋን ትታ ታየኛለች። አምስት ኪሎ ያህል ስለይ እጄን ያዘችው።

"ጋሼ፣ ለምንድን ነው?"

"ለወጥ።"

"ለወጥ ሰው በልኬት አይመርጥም።" ሽንኩርቱን ከእጄ ወስዳ መለሰችው። "በቅርጫት አድርገው ሊሰቅሉላት ነው?"

ከሽንኩርቱ በላይ ማየት አልቻልኩም።

"አልሸጥልዎትም" አለች ሰሚራ፣ ሳትቆጣ። "ግንቦት ላይ ብትተክለውስ? ሽንኩርት ሲበቅልባትስ ምን ሊሏት ነው? ይንገሯት። ከነገሯት በኋላ ወደ እኔ ይምጡ።"

"ወደ አንቺ መጥቼ ምን ልሠራ?"

"መጀመሪያ ይንገሯት" አለችና ሌላ ደንበኛ ማስተናገድ ጀመረች።

የሚመጡበት ቀን አውቶቡሱ ሊደርስ ሦስት ሰዓት ሲቀረው መናኸሪያ ተገኘሁ። ቆሜ መጠበቅ ስላልቻልኩ ግቢውን ስዞር ረዳቶቹን አሰለቸኋቸው። አስቤበት ነበር። መጀመሪያ ቤት አደርሳታለሁ፣ ምሳ ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ስትነቃ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ። አውቶቡሱ ቆመ፣ ረዳቱ "ቡኣ፣ ቡኣ፣ ውረዱ፣ ጎባ ገብተናል" ይላል፣ ሻንጣ ከላይ ይወርዳል። ሶሲ ክንዷን ይዛ አወረደቻት። ከስታለች። ሻሿን እስከ ግንባሯ አውርዳ አስራዋለች፣ ዓይኗ ግን የራሷ ነው። እጇን ያዝኩ፣ አፌን ከፈትኩ፣

"ሁሉም በስብሰዋል" አልኳት።

"ምኑ?"

"ራሶቹ። ሁለት መቶ አሥራ አራቱም። አሽጌ አፈንኳቸው። ከየካቲት ጀምሮ ጠርጥሬ ነበር፣ ካየሁ ደግሞ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ዋሽቼሻለሁ።"

"አባዬ፣ አሁን ይሄ ይባላል?" አለች ሶሲ።

እኅተማርያም ሻንጣዋ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ሰው በዙሪያችን ይተላለፋል። ሻሿን አስተካክላ ቀና አለች። "መጀመሪያ እንኳን ደህና መጣሽ በለኝ" አለችኝ።

"እንኳን ደህና መጣሽ።"

"እንኳን ደህና ቆየኸኝ። ደቃቆቹንስ ምን አደረግካቸው?"

"የትኞቹን? ግርዱን? ደፋሁት።"

ይህን ጠብቃ እንደነበር ፊቷ ላይ አየሁት። ሶሲ ላይ ተደግፋ ተነሣች። "ሰሚራ ቤት እንለፍ" አለች።

ሰሚራ አቅፋት ብዙ ከቆየች በኋላ ወደ መጋዘኗ ገብታ ሽንኩርት የሚመጣበትን ቀይ መረብ ጆንያ ይዛ ወጣች። ከጣሪያዋ ሥር፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ከኅዳር ጀምሮ ተሰቅሎ የኖረ ነው። መረቡ ስለሰፋ ውስጡን በነጠላ ቁራጭ ገብራዋለች። ዘርግፋ ስታሳየን እንደ ሽምብራና እንደ ምስር ያሉ፣ ደረቅ፣ ቡናማ፣ ጤነኛ ፍሬዎች ናቸው። አጥሩ ሥር የደፋሁት ግርድ።

"ደፍተው ቤት እንደገቡ ነው የለቀምኩት፤ እስኪመሽ" አለችኝ ሰሚራ። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እርስዎ ሲያፈስሱ እኔ ለቀምኩ።"

"ሳልሄድ ነግሬያት ነበር" አለች እኅተማርያም። "በየዓመቱ ለብቻቸው አስቀምጣቸዋለሁ። ትልልቆቹ ቢጠፉ ከእነዚህ ይነሣል። ግርድ የማይደፋ የመጋዘን ሰው ደግሞ አላውቅም። እንዳትነግሪው ብያት ነው፤ ካገኛቸው ማሸጉ አይቀርም።"

"እንዲህ ካወቅሽኝ ትልልቆቹን ለምን ለእኔ ተውሽ?"

"እጅህ ሥራ ባያገኝ ምን ትሆን ነበር?" አለች።

ግንቦት ሲያልቅ ዝናቡ ረገብ ያለ ቀን መርጠን ወጣን። እሷ በርጩማ ላይ ተቀመጠች፤ ፀጉሯ እንደ ሕፃን ፀጉር ለስልሶ መብቀል ጀምሯል። እኔ ቆሜ፣ ጎንበስ ቀና እያልኩ እቆፍራለሁ። ፍሬዎቹን አስቀድሜ ቆጥሬያቸዋለሁ፤ አመል ነው፣ አራት መቶ ስምንት ናቸው።

"ጥልቀቱ ሁለት ጣት ይበቃል" አለች። "ዘንድሮ የምታገኘው ቅጠል ብቻ ነው፤ ሣር መስሎህ እንዳትነቅለው። ኅዳር ላይ ቅጠሉ ግማሹ ቢጫ ሲሆን ታወጣቸዋለህ። ግማሹ፣ ሩብ አይደለም። ያን ጊዜ ባቄላ ያህል ይሆናሉ። ጥላ ላይ ሁለት ሳምንት፣ ከዚያ አመድ፣ ከዚያ ቅርጫት። ከርሞ ደግመህ ትተክላለህ፣ አንዳንዱ ያብብ ይሆናል። ሁሉም የሚያብበው በሦስተኛው ዓመት ነው። ቦታቸውን በየዓመቱ ትቀይራለህ። ለሚጠይቅህ ሰው ስጥ፣ ግን እንዲያወጣው ንገረው።"

ዶማውን ይዤ ቆምኩ። ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ። ጡረታ የወጣሁ ለት በእኔ ቦታ ለመጣው ልጅ መጋዘኑን ሳስረክብ ያወራሁት በዚህ ድምፅ ነው። ሚዛኑ እዚህ፣ ቁልፉ እዚያ፣ ይህን በር ክረምት ላይ እንዳትከፍት፤ ረጋ ብዬ፣ አንድም ነገር ሳላስቀር። ከዚያ ወረቀቱ ላይ እሱ ተረከብኩ ብሎ ፈረመ፣ እኔ አስረከብኩ ብዬ ፈረምኩ፣ በሩን ወጣሁ፤ ተመልሼም አልገባሁበት።

"በደንብ ስማኝ" አለች እኅተማርያም። "አንድ ጊዜ ነው የምነግርህ።"

"አልረከብም" አልኳት።

"ምን?"

"አልረከብም። ጭንቅላቴ አይይዝም። ኅዳር ሲመጣ እንደገና ንገሪኝ። ከርሞም ንገሪኝ። የዛሬ ሦስት ዓመት ሲያብቡም እረሳዋለሁ፤ ያን ጊዜም ትነግሪኛለሽ። አንቺ ካልነገርሽኝ አሽጋቸዋለሁ፤ ታውቂኛለሽ።" ወደ ጓዳው ጠቆምኩ። "ከእነዚያ ከረጢቶች ገና ዘጠኝ ቀርተውኛል።"

"ቀጠሮዬ ኅዳር ነው፣ በየነ። ምን እንደሚሉኝ አላውቅም።"

"የሚሉሽን ሰምተሽ ትመለሻለሽ። ቅጠሉም ያኔ ነው ግማሽ የሚደርሰው። እስክትመለሺ አልነካውም።"

"ሩብ ላይ ሲደርስ?"

"አልነካውም አልኩሽ።"

በእጇ የያዘቻቸውን ፍሬዎች በመዳፏ ላይ አገላበጠቻቸው። ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። ከዚያ ጎንበስ ብላ የቆፈርኩትን መስመር አየችና "ጠልቋል" አለች። "ሁለት ጣት ነው ያልኩህ። አፈሩን መልስበት።"

አፈሩን መለስኩበት። ዶማውን አስቀመጥኩና ከበርጩማዋ አጠገብ መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ። እሷ አንድ አንድ እያለች ታቀብለኛለች፣ እኔ አስቀምጠዋለሁ፤ የቀረውን ሁሉ ተቀምጬ ተከልኩት።